ባለፎቶውና የአያቴ መንጋጭላ

ባለፈው ወር የኬሚስትሪ መምህራችን አንዲት ቡናማ ጠርሙስ ከፍቶ "ቀስ ብላችሁ በእጃችሁ እያራገባችሁ አሽትቱ፣ አፍንጫችሁን እንዳትደቅኑባት" ሲል ክፍሉ በሙሉ "ኡፍ!" ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እኔ ግን ወደ ፊት ተጠጋሁ። ሽታው የኮምጣጤ ነው፣ ግን ከኮምጣጤ ይጠነክራል፤ ጉሮሮን ይዞ ዓይን ላይ ይወጣል። ጓደኛዬ በክርኗ ጎሰም አድርጋ "አንቺ፣ አበድሽ እንዴ?" አለችኝ። አላበድሁም። ጋሼ ተክሉን ነው ያሸተትሁት።

ጋሼ ተክሉ ጎረቤታችን ነበር። በከተማው ሐኪም ቤት፣ ጥርስ ክፍል ውስጥ፣ ራጅ የሚያነሣው እሱ ነው። አገሩ ጅማ ነው፤ መንግሥት ባሕር ዳር መደበው፣ ቀበሌ ደግሞ ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ክፍል ሰጠው። ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው አንድ ጥቁር ብስክሌት፣ የቆዳ ልባስ ያለው ሬዲዮና ክርኑ ላይ የተጣፈ የካኪ ኮት ብቻ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ግቢያችን ካለችው ቧንቧ እጁን ይታጠባል። ከቀበሌ ሱቅ በተራ የምትገኘውን ሳሙና እስክትሳሳ ድረስ ይፈትጋታል፤ ሽታው ግን አይለቅም። ፊልም የሚታጠብበት መድኃኒት ነው። እናቴ "አንተ ልጅ፣ በጨበጥኸኝ ቁጥር ሰላጣ ያምረኛል" ትለው ነበር።

የሠፈሩ ሰው "ባለፎቶው" ይለዋል። ሴቶች ለራጅ ቀጠሮ ሲሰጣቸው ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ይሄዱ ነበር። አንዷ ፊልሙን ብታይ ሦስት ጥርስና ጭጋግ የመሰለ ነገር ብቻ ሆነባት። "ይኸ ምንድን ነው? ሹሩባዬ የታለ?" ብላ ጮኸችበት አሉ። እሱ ፈገግ እንኳ ሳይል "እናቴ፣ እኔ የማነሣው አፈር የማይበላውን ነው" አላት። ሴትዮዋ አማትባ ወጣች።

እኛ ልጆቹ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለን የተበላሹ ፊልሞችን እንጠይቀው ነበር። የአውራ ጣት ጥፍር እጥፍ የምታህል ጥቁር ላስቲክ ናት። ፀሐይ ላይ ሲያነሧት ከጥቁሩ ውስጥ ነጭ ጥርስ ብቅ ይላል። ጋሼ ተክሉ ለልጅ ብሎ መልስ አያሳጥርም፤ ለጠየቅኸው ሁሉ እስከ መጨረሻው ይመልስልሃል። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ይኸ ጥቁሩ ነገር ላስቲኩ ላይ በምን ተጣበቀ?" አልሁት።

"በሙጫ።"

"ሙጫው ከምን ተሠራ?"

"ከከብት አጥንትና ቆዳ ተቀቅሎ ነው የሚወጣው።"

"እንግዲያ የአጥንት ፎቶ የሚነሣው በአጥንት ነዋ!"

ቆም ብሎ አየኝና ሳቀ። "ይኸን ሁሉ ዓመት ስሠራ ይኸ ነገር ታይቶኝ አያውቅም" አለኝ። ዐሥር ዓመቴ ነበር። በዚህች ንግግር ሳምንት ሙሉ ኮርቼ ሰነበትሁ።

በዚያው ሰሞን አንዲት አሮጊት ከደልጊ በጀልባ ሐይቁን ተሻግረው መጡ። ጋሼ ተክሉ በብስክሌቱ ኮርቻ ላይ አስቀምጦ፣ እየገፋ፣ ከወደቡ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዳቸው በመንገድ ላይ አየኋቸው። አፋቸውን በሻሽ አሥረዋል፤ ጉንጫቸው አንድ ወገን እንደ ቅል አብጧል። ገበያ ላይ ጥርስ ሲያስነቅሉ መንጋጭላቸው አብሮ ተሰንጥቆ ነው። ሳምንታት ሙሉ አጥሚት ብቻ እየጠጡ ከረሙ ተባለ። ጋሼ ተክሉ ያን ዕለት ሬዲዮውን አልከፈተም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የሴትዮዋን ፊልም ወደ ሰማይ አንሥቶ፣ እስኪመሽ ድረስ ያያት ነበር።

"ነቃዩ ምን ያድርግ፣ ጥርሱን እንጂ አጥንቱን አያይ" አለ ለአባቴ። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ማሽን የሚወድ ሰው ስለሆነ እንዲህ ያለውን ወሬ ይወዳል። ጋሼ ተክሉ ያስረዳውን እኔም ጎን ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ዕድሜ ሲገፋ ጥርስ የተተከለበት አጥንት ቀስ እያለ ይጎድላል። አያምም፤ ከውጭም አይታይም። ፊልሙ ላይ ግን ይታያል። ጤነኛ ሰው ላይ ነጩ አጥንት እስከ ጥርሱ አንገት ይደርሳል፤ የጎደለበት ሰው ላይ ሥሩ ግማሽ በግማሽ ራቁቱን ቆሟል። በጣም የሳሳበት ሰው ላይማ የመንጋጭላው የታችኛው ጠርዝ ሳይቀር እንደ ክር ቀጥኖ ትንሿ ፊልም ውስጥ ብቅ ይላል። እንዲህ ያለውን መንጋጭላ በጉጠት መታገል ደረቅ ሸንበቆ መጠምዘዝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ተክሉ ጥርስ ክፍል የመጣን ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ ሳያነሣ ለነቀላ አያሳልፍም ነበር። "ቀላል ነገር ታከብዳለህ" የሚሉት ነበሩ። እሱ ደግሞ "የደልጊዋን እናት ጠይቋቸው" ይላል።

አሁን ወደ አያቴ ልምጣ። አያቴ አያ ይማም፣ እኔ አባዬ የምላቸው፣ ታንኳ ሠሪ ናቸው። ከቤታችን ጀርባ፣ ደንገሉ በቆመበት ዳርቻ፣ የደረቀውን ደንገል በነዶ በነዶ ደርድረው በልጥ ገመድ ያሥሩታል። አሠራራቸውን ለማያውቅ ሰው ልንገር። የገመዱን አንድ ጫፍ በጥርሳቸው ይነክሳሉ፤ ነዶውን በጉልበታቸው ይጫናሉ፤ ሌላውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጠቅልለው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ይስባሉ። ገመዱ ሲጠብቅ ደንገሉ ሲጥ ይላል። "ጥርሴ ሦስተኛው እጄ ነው" ይሉ ነበር። ታንኳቸው ውኃ ቶሎ ስለማትጠጣ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ተራ ይዞ ይጠብቃቸዋል።

ያ ሦስተኛው እጅ ታመመ። በግራ በኩል ከታች ያለች አንዲት መንጋጋ ጥርስ ተነቃነቀች፤ ድዱ መግል ቋጠረ። አባዬ ቆሎ ተዉ፤ ደረቅ እንጀራ ተዉ፤ የሚወዱትን የቀረሶ ዓሣ ጥብስ እንኳ እናቴ እየፈለፈለች ታጎርሳቸው ጀመር። ገመዱን ግን አልተዉም። ሲነክሱ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፣ ቀጥለው ይስባሉ።

"ቅዳሜ ገበያ ሄጄ አስነቅላታለሁ። እስከ ሦስት ስቆጥር ያወጣታል" አሉ። ያ ነቃይ ከዚያ በፊት ሁለት ጥርሳቸውን ነቅሏል፤ ይወዱታል።

ጋሼ ተክሉ ይኸን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። "አያ ይማም፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ አስቀድሜ ላንሣዎት። አንድ ጊዜ ብቻ። ደህና ከሆነ እኔው ራሴ በብስክሌቴ ገበያ አደርስዎታለሁ።"

"ፎቶ ምን ያደርግልኛል? ሙሽራ ልሆን ነው?" አሉ አባዬ። ግን እሺ አሉ። ሐሙስ ዕለት እኔ እጃቸውን ይዤ ወሰድኋቸው።

ጥርስ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሆኖ፣ ወንበሩ እንደ ፀጉር አስተካካይ ወንበር ከፍ ዝቅ ይላል። ጋሼ ተክሉ ደረታቸው ላይ ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ አለበሳቸው። "ይኸ የማን ጋሻ ነው?" አሉ። ከዚያ በነጭ ሽፋን የተጠቀለለችውን ፊልም አፋቸው ውስጥ፣ ከታመመችው ጥርስ ጎን፣ አስቀመጠላቸው። አባዬ ፈሩ። እጃቸው ወንበሩን ጨምድዶ ሲይዝ አየሁ። ላበረታታቸው ፈለግሁ፤ ደግሞም የማውቀውን ማሳየት ፈለግሁ።

"አባዬ፣ አይፍሩ! ምንም አይደለም፣ ፊልሟ ከከብት አጥንት በወጣ ሙጫ ናት የተሠራች" አልሁ።

አባዬ ፊልሟን ከአፋቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አኖሯት። "የማን ከብት?" አሉ።

ጋሼ ተክሉ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። "ከውጭ አገር ፋብሪካ ነው የሚመጣው፣ አያ ይማም።"

"ማን ባረከው? እስላም ነው ያረደው፣ ክርስቲያን ነው?"

ሊዋሽ ይችል ነበር። እናቴ ኋላ "'ላስቲክ ነው' ብትላቸውስ ምን ነበር?" አለችው። እሱ ግን እዚያ ቆሞ "አላውቅም" አለ።

አባዬ ያንን ከባድ ሽርጥ ራሳቸው ፈትተው፣ አጥፈው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። በሩ ላይ ካለችው ቧንቧ ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጡ። "ያላወቅሁትን ሥጋ ሰባ ዓመት ሙሉ አፌ አላስገባሁም፤ ዛሬም አላስገባ። ቅዳሜ ገበያ እሄዳለሁ" አሉና ወጡ። መንገዱን ሙሉ አላናገሩኝም። እኔ ደግሞ የደልጊዋ አሮጊት ጉንጭ ነበር የሚታየኝ። አባዬም በእኔ ምላስ የተነሣ እንዲሁ ሊሆኑ ነው እያልሁ ሄድሁ።

ማታ ወደ ጋሼ ተክሉ ደጃፍ ሄጄ አለቀስሁ። አልተቆጣኝም። "የተናገርሽው እውነት ነው። ሰዓቱን ነው የሳትሽው" አለኝ። እናቴ ስለ ውሸቱ የጠየቀችው ያን ጊዜ ነው። "ነገ ሌላ ሰው ቢነግራቸው ሁለተኛ አያምኑኝም። እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ የዳርቻው ሰው በሙሉ" አላት።

በማግስቱ ዓርብ ነው። አባዬ ከጁምዓ ተመልሰው ደንገላቸው ላይ ተቀምጠው ልጥ ሲልጡ ጋሼ ተክሉ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ስለ ጥርስ አንድም ቃል አልተናገረም። ነዶ ላይ ተቀመጠ፣ ከኮቱ ኪስ ጊዜዋ ያለፈባትን ፊልም ከነሽፋኗ አውጥቶ ሰጣቸው።

"ይፍቷት" አላቸው።

"ምን ላደርጋት?"

"ምንም። እርስዎ የታሠረ ነገር መፍታት ያውቃሉ ብዬ ነው።"

አባዬ አጉረመረሙ፤ ግን እጃቸው ሥራ ሲያይ አይታገሥም፣ በቢላቸው ጫፍ ከፈቷት። መጀመሪያ ነጩ ላስቲክ፣ ቀጥሎ ጥቁር ወረቀት፣ ቀጥሎ እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሳች የእርሳስ ቅጠል፣ ከዚያ ፊልሟ ራሷ። ጉልበታቸው ላይ በተርታ ደረደሯቸው።

"ይኸ ሁሉ ልብስ? ብርድ አላት?" አሉ።

"ብርሃን እንዳይነካት ነው። ያ ይች ልጅ የነገረችዎ ሙጫ ያለው እዚህ፣ መካከል ላይ ነው። አፍዎን የሚነካው የላይኛው ላስቲክ ብቻ ነው።"

"ምራቅ ቢገባስ?"

"እኔ አይገባም እላለሁ። እርስዎ ግን አያምኑኝም" አለ ጋሼ ተክሉ። "እንግዲያ እርስዎ ራስዎ ይጠቅልሏት። ውኃ የማያስገባ ነገር ማሠር የማን ሥራ ነው? የእኔ ነው?"

አባዬ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ያ የማውቀው ሳቃቸው ከሆዳቸው መጣ። "ይኸ የጅማ ልጅ በሙያዬ ሊይዘኝ ነው!" አሉ። ሳቁ ጥርሳቸውን ቆነጠጣቸውና ጉንጫቸውን ያዙ።

ቅዳሜ ጧት ገበያ አልሄዱም። ሐኪም ቤት ሄድን። አዲሷን ፊልም እናቴ ካጠበችው ንጹሕ ላስቲክ በቆረጡት ቁራጭ ራሳቸው ጠቀለሏት፤ ዳሩን አጣጥፈው በቀጭን ክር እንደ ታንኳ አፍንጫ አሥረው "ቢስሚላሂ" ብለው አፋቸው ውስጥ ከተቷት። ጋሼ ተክሉ ቋጠሮውን አይቶ "እኔ እንዲህ ማሠር ብችል ደመወዝ ይጨመርልኝ ነበር" አለ። ማሽኑ አንዴ ጥዝ አለና አለቀ።

ጨለማ ክፍሉ ገብቶ ሲወጣ ፊልሟ እርጥብ ነበረች፣ በመቆንጠጫ ይዟታል። መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው። እጁን ሊዘረጋ ሲል አባዬ ተቀበሉትና እሳቸው ራሳቸው ወደ ብርሃኑ አነሧት። ብዙ አዩ።

"ይኸ እኮ በግንቦት የወደቡ ምሰሶ ነው" አሉ። "ውኃው ሸሽቶ እግሩ ወጥቷል።"

ጋሼ ተክሉ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አመለከተ። "የሸሸው አጥንቱ ነው፣ አያ ይማም። ይችን ያዩዋታል? ይች ከታች ያለችው ቀጭን መስመር፣ እሷ ነች የቀረችው።"

"ውኃው በክረምት ይመለሳል። ይኸስ?"

"አይመለስም። ከዚህ በላይ እንዳይሄድ መጠበቅ ነው እንጂ።"

አባዬ ፊልሟን መለሱለት። "እስከ ሦስት ስቆጥር ቢስበው ኖሮ" አሉና አልጨረሱትም። አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ተቀመጡ።

ጥርሱን የነቀለችላቸው ያኔ ሐኪም ቤቱ ውስጥ ትሠራ የነበረች አንዲት ኩባዊት ሐኪም ነች። መርፌ ወጋቻቸው፤ ጥርሱን እዚያው አፋቸው ውስጥ ለሁለት ከፍላ፣ አንዱን ሥር ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ፣ ሳትታገል አወጣችው። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በየመካከሉ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ትላቸዋለች፤ ያወቀችው አማርኛ ያ ብቻ ነበር። አባዬ በደነዘዘ አፋቸው "በሰባ ዓመቴ ሴት ሆንሁ" አሉ። መንጋጭላቸው አልተነካም። በሳምንቱ የቀረሶ ጥብሳቸውን በቀኝ ጥርሳቸው ራሳቸው በሉ።

ገመድ መንከስ ግን ተከለከሉ። ይኸ ከነቀላው ይልቅ አመማቸው። ሁለት ሳምንት ሥራ ፈትተው ዳርቻው ላይ ተቀመጡ፤ ጥርስ የሌለው ታንኳ ሠሪ ምን ይሠራል ይሉ ነበር። እሑድ ጧት ጋሼ ተክሉ ከመሬት የተተከለች ባላ እንጨት እየነካካ "ይች ብትነክስልዎትስ?" አለ። አባዬ ናቁት። እሱ ሲሄድ ግን ባላዋን ነቅለው ጠረቡ፣ መካከሏ ላይ ገመድ የሚቀረቀርባት ስንጥቅ አወጡላት፣ መልሰው ተከሏት። እስከ ዛሬ ገመዳቸውን የምትይዝላቸው እሷ ናት። ወጣቶቹም አይተው ተከሉ፤ አሁን በዳርቻው ገመድ በጥርሱ የሚነክስ ሰው ካለ አልሰማሁም።

በዓመቱ ጋሼ ተክሉ ወደ ሰሜን ተመደበ። ወሬው ማክሰኞ መጣ፣ ቅዳሜ ሊሄድ ነው። እነዚያን ቀኖች ዕቃውን ሲያሥር አላየነውም። ከሥራ ሲወጣ በብስክሌቱ እየዞረ፣ በየሽማግሌውና በየአሮጊቱ ቤት፣ ቡናማ ፖስታ ያድል ነበር። ፊልሞቻቸው ናቸው። "ማኅደር ቤት ቢቀመጥ ይጠፋል፤ እናንተ ግን አታጠፉትም። አንድ ፎቶ ብቻውን ምንም አይናገርም። ከአምስት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ሲነሣ ነው፣ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ አጥንቱ መጉደሉና አለመጉደሉ የሚታወቀው" ይላቸዋል። አባዬ ፖስታቸውን ከቁርኣናቸው ጋር ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ጋሼ ተክሉ ብስክሌቱን ለአባቴ ሸጦ ሄደ። አንድ ደብዳቤ ጻፈልን፤ ሁለተኛው አልመጣም።

አምስት ዓመቱን የቆጠሩት አባዬ ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ፖስታቸውን አውርደው "ተነሽ፣ ቀጠሮ አለኝ" አሉኝ። ሐኪም ቤት አዲስ የራጅ ባለሙያ መጥታለች፣ ወጣት ናት። ፖስታውን ስታይ "ይኸን ያስጀመራችሁ ማን ነው? ዛሬ ብቻ ከእርስዎ በፊት ሁለት ሰዎች እንዲሁ ይዘው መጡ" አለች። አነሣቻቸው፣ ፊልሙን አጠበች፣ አሮጌዋንና አዲሷን በመብራት ሣጥኑ ላይ ጎን ለጎን አደረገች። በማስመሪያ ለካች። አባዬ እኔን አዩ እንጂ እሷን አላዩም።

"ባለበት ነው" አለች። "አንድም አልወረደም።"

ከዚያ ፖስታውን ገልብጣ የምትጽፍበትን ቦታ ፈለገች። እኔ ጀርባውን ያን ቀን ነው ያየሁት። የጋሼ ተክሉ ጽሕፈት ነው፣ ደቃቅና ቀጥ ያለ፦ "አያ ይማም፣ የታችኛው ግራ መንጋጭላ።" ከሥሩ አራት መስመር በማስመሪያ አስምሯል። አንደኛው ላይ የመጀመሪያው ፎቶ ቀን ተጽፏል። ሦስቱን ባዶ ትቷቸዋል። ለሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ በየአምስት ዓመቱ፣ አራት መስመር።

ልጅቷ ሁለተኛው ላይ ቀኑን ጻፈች። አባዬ የአማርኛ ጽሕፈት ማንበብ አይችሉም፤ ግን ፖስታውን ተቀብለው ባዶዎቹን መስመሮች በጣታቸው አንድ በአንድ ነኳቸው።

"ገና ሁለት አለኝ" አሉኝ፣ እና ኮፍያቸውን አስተካክለው ከወንበሩ ወረዱ።